ቤት ያላት ሴት

«ይቺ ሴትዮ እኮ ቤት አላት» የሚለውን ቃል ዓዲላ በቀበሌው መዝገብ ቤት መስኮት በኩል ስትሰማ፣ የሚወራው ስለ እሷ መሆኑ በፍጹም አልመጣላትም። መታወቂያዋን አስቀድማ አስገብታ ወረፋ ስትጠብቅ፣ ከፊቷ ሁለት ሰዎች ቀርተው ነበር። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቢሆንም የግንቦት ፀሐይ የቆርቆሮውን ክዳን እያንጣጣው ነው። የተናገረችው ፈይሩዝ ናት፤ ከኮምፒውተሩ ፊት የምትቀመጥ ወጣት ሠራተኛ። ለባልደረባዋ በሹክሹክታ ብትለውም መስኮቱ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ወረፋውም በሙቀቱ ዝም ያለ ነበርና ቃሉ ውጭ ድረስ ተሰማ። ዓዲላ በሆዷ «የሰው ነገር!» አለች። «ቤት እያላት ደግሞ ቤት የለኝም የሚል ወረቀት ልታስጽፍ መጣች?» ብላ ያቺን የማታውቃትን ሴትዮ ጥቂት ታዘበቻት እንኳ። ወዲያው የራሷ ስም ተጠራ።

«ዓዲላ ዑመር እርስዎ ነዎት?» አለቻት ፈይሩዝ፣ ቀና ሳትል። «በእርስዎ ስም የተመዘገበ ቤት አለ። መስጊዱ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ከነግቢው። የዛሬ ስምንት ዓመት በውርስ ነው የዞረልዎት።»

ዓዲላ ሳቀች። ምን ታድርግ፣ ሳቋ መጣባት። በኪራይ ቤት ስትኖር አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባሏ ፈቷት ከወጣች ወዲህ ከሚሴ ውስጥ ሰባት ግቢ ቀያይራለች። አንዱ ግቢ ውስጥ ባለቤቲቱ ከመግሪብ በኋላ መብራት ታጠፋባት ነበር። ሌላው ላይ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ሕፃን ይቀሰቅሳል ተብላ በሦስት ቀን ልቀቂ ተባለች። አሁን ያለችበት ክፍል አልጋዋንና መኪናዋን ካስገባች በኋላ ለስግደት መንበርከኪያ የሚሆን ቦታ እንጂ ሌላ የሌለው፣ ኮርኒሱ በማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከረጢቱ ውሃ አዝሎ እንደ ላም ጡት የሚንጠለጠል ነው። ባለፈው ወር ሁለት ሺህ የነበረው ኪራይ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሆኗል፤ ካልተስማማሽ በሩ ክፍት ነው ተብላለች። ይህችን ሴት ነው «ቤት አለሽ» የሚሏት። ስቃ ስትጨርስ የፈይሩዝን ፊት አየችው፤ ፈይሩዝ አልሳቀችም። «መስጊዱ ጀርባ» የሚለው ቃል ያኔ ነው ወደ ጆሮዋ የተመለሰው። መስጊዱ ጀርባ ያለው ሁለት ክፍል ቤት የአባቷ ቤት ነው። የሚኖርበት ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ዘይኑ ነው፤ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር።

ወረቀቱ የሚያስፈልጋት ለዛሬ ነበር፤ ለዚሁ ለዛሬ ቀን። ዓዲላ ሃያ አባላት ያሉት የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማህበር ውስጥ ስድስት ዓመት ቆይታለች። መምህራን፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ባለ ባጃጅ፤ ሁሉም ተከራዮች፣ ሁሉም «ልቀቁ» የሚለውን ቃል የሚያውቁ ሰዎች። ብቻቸውን ቢሆኑ አንዳቸውም መሠረት እንኳ ማስቆፈር አይችሉም ነበር። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መንግሥት ቦታ ሰጣቸው፤ ብሎኬቱን ራሳቸው ሊያመርቱ ማሽን ተከራዩ፤ ጉድጓዱንም በጋራ ሊቆፍሩ ተስማሙ። ከዚያ በላይ ደግሞ ማህበሩ ገና ጡብ ሳይደረደር ለዓዲላ ቤት ሆኗት ነበር። ወር በገባ የመጀመሪያው እሑድ ይሰበሰባሉ። ስትታመም ሾርባ ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት እናቷ ስትሞት ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን ከለቅሶው ያልተለዩት እነሱ ናቸው። ነርሷ ሙሚና ከሁሉም ትቀርባታለች። ሁለቱ የቦታው ዕጣ ጎን ለጎን ካወጣቸው በጋራ ግድግዳ ሊሠሩ፣ በግድግዳውም ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ሊተዉ ተነጋግረው ነበር። «ጨው ሲያልቅብሽ ዞረሽ አትመጪም፤ በመስኮት እሰጥሻለሁ» ትላታለች ሙሚና። ዕጣው የሚወጣው ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ድሮ አባል ሲሆኑ የቀበሌው ማስረጃ በእጅ ተጽፎ፣ ማህተም ተመትቶ፣ አለቀ ነበር። አሁን መዝገቡ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ስለተገለበጠ የእያንዳንዱ አባል ስም እንደገና ተጣርቶ ማለቅ ነበረበት። የአሥራ ዘጠኙ አልቋል። ዓዲላ የተደራረበ የደንብ ልብስ ስፌት ስላጣደፋት የመጨረሻዋ ሆና ነው የመጣችው።

ከቀበሌው ወጥታ ለማህበሩ ሊቀመንበር ለመምህር አብዱልጀባር ደወለችለት። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሲደነግጥ ይባስ ቀስ ብሎ ይናገራል። «አብሽሪ፣ እታለም» አላት። «የስም መመሳሰል ሊሆን ይችላል። ግን እስከ ስምንት ሰዓት ካልተጣራ ተጠባባቂ ይገባል። እኔ ደንቡን አላወጣሁትም፤ ብንደብቅ የሃያችንም ይሰረዛል።» ዓዲላ የስም መመሳሰል እንዳልሆነ ያን ጊዜ አውቃለች። ቢሆንም «ኢንሻአላህ» ብላ ዘጋችው።

የአባቷ ግቢ በር እንደወትሮው በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ነበር። ዘይኑ የውጭው ክፍል መደብ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ ሰንበቴ ገበያ ከብት ይደልል ነበር፤ አሁን ቤት የዋለ ሰው ሆኗል። ሚስቱ ሰልማ ለእንግዳ እንደሚደረገው ሮጥ ብላ ብርጭቆ ውሃ አቀረበችና ወደ ጓዳ ተመለሰች። ዓዲላ በዚህ ቤት ሁልጊዜ እንግዳ ናት። ማንም ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም፤ ግን ለዒድ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትመርቃለች፣ ትሄዳለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ወንድምና እህት የሚነጋገሩት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ዋጋና ስለ ጉልበቱ ብቻ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ አያ? እንዴት አደርክ?»

«ነጋ፣ ደህና። ምነው በዚህ ሰዓት? ስፌቱን ዘጋሽው?»

«አያ፣ ይሄ ቤት በማን ስም ነው?»

ሰው ያላወቀውን ነገር ሲጠየቅ «እንዴት?» ይላል፤ ይቆጣል ወይም ይስቃል። ዘይኑ ግን ዓይኑን ወለሉ ላይ ወደተነጠፈው ላስቲክ ምንጣፍ አወረደና እዚያው ተወው። ላስቲኩ ከመሃል ተቀዶ በሽቦ ተሰፍቷል። ከጓዳ ይሰማ የነበረው የሰልማ የዕቃ ድምፅም ቆመ። ግቢው ውስጥ አንዲት ዶሮ እየጮኸች ዞረች። ዓዲላ ውሃውን አንስታ አንዴ ተጎነጨችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ያኔ የእነ አብዱልፈታህ የቤት ማህበር ውስጥ ስገባ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቤት ያለው አይመዘገብም ተባለ። ባንቺ ስም አዞርኩት። ቦታው ሲደርሰኝ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፣ ወላሂ።»

«ፊርማዬስ?»

«እኔ ፈረምኩት።»

ዓዲላ «የደረሰህ ቦታስ የት ገባ?» ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ነበር። ዘይኑ ቀና ብሎ የውስጠኛውን ክፍል በር አየ፤ እሷም ተከትላ አየችው። እናታቸው ሁለት ዓመት ሙሉ የተኛችው እዚያ ነው። ኩላሊቷ ሥራ አቁሞ በሳምንት ሁለት ቀን ደሴ ትመላለስ ነበር፤ በኮንትራት መኪና፣ አንዳንድ ጊዜ ከመንገድ ተመልሳ፣ አንዳንድ ጊዜ እዚያው አድራ። ዓዲላ የምትችለውን ይዛ ትመጣ ነበር፤ የምትችለው ለአንድ ጊዜ መኪና እንኳ አይበቃም። «ሌላውስ ከየት ነው?» ያለችው ቀን የለም። ዘይኑ «አላህ ሰጠ» ይላል፤ እሷም «አልሃምዱሊላህ» ትላለች። አሁን መደቡ ጥግ ላይ ተቀምጣ ያን ጊዜ ያልጠየቀችው ለምን እንደሆነ ገባት። መልሱን ካወቀች የድርሻዋ ሸክም ይመጣባት ነበር። እሱ ዋሽቶ ቦታ አገኘ፤ ቦታውን ሸጦ እናታቸውን ሁለት ዓመት አቆየ። እሷ ደግሞ ዛሬ ቤት ያላት ሴት ሆነች። ንዴቷ የት ላይ ይረፍ? አንዴ በወንድሟ ላይ ይነሳና የእናቷን ያበጡ እግሮች ሲያይ ይመለሳል።

ዘይኑ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። «እንሂድ። እኔው ራሴ እናገራለሁ» አለ።

በባጃጅ ሄዱ። አጭሩን መንገድ ሁለቱም በየበኩላቸው ወደ ውጭ እያዩ ጨረሱት። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ፈይሩዝ ከመደርደሪያ የቆየ ፋይል አውርዳ አቧራውን በእጇ ጠረገችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የክፍሉ ኃላፊ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ዓዲላ ቤቱ ሳታውቀው በስሟ እንደዞረ ብቻ፣ ማን እንደፈረመ ሳትጠቅስ ስትነግራቸው ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ። ቤቱን ዛሬ ወደ ወንድሟ ስም ቢያዞሩት እንኳ እንደማይጠቅማት ነገሯት፤ ስምንት ዓመት ባለቤት ሆና የቆየች ሰው ስለሆነች የማህበር ቦታ አይደርሳትም። ከዚያ ፋይሉን ወደ እሷ አዞሩት።

«አንድ መንገድ ብቻ አለ» አሉ። «ይህ ፊርማ የእኔ አይደለም ካሉ፣ ማስረጃው በክርክር ላይ ነው የሚል ደብዳቤ አሁኑኑ እጽፍልዎታለሁ። ማህበሩ ቦታዎን ይጠብቅልዎታል። ፋይሉ ግን ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ ፈራሚውም ይጠየቅበታል። እስቲ በደንብ ይዩት። የእርስዎ ነው?»

ዓዲላ ፊርማውን አየችው። የእሷን ይመስላል፤ ይመስላል ብቻ ሳይሆን ቁርጥ የእሷ ነው። አባቷ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት አልሰድም ብሎ በቀረች ጊዜ፣ ከጨፋ ሸለቆ እርሻ ሲመለሱ በእንጨት አፈር ላይ ፊደል ያስቆጠራት ዘይኑ ነበር። «ዓ»ን ከላይ አስጀምሮ፣ የ«ላ»ን እግር አስረዝሞ፣ እጇን በእጁ ይዞ ስሟን ያስጻፋት እሱ ነው። ስሟን እንደሷ አድርጎ መፈረም አላስቸገረውም። ከጎኗ የዘይኑ ትንፋሽ ይሰማታል። ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው፤ «የእሷ አይደለም» ሊል መሆኑን አወቀች። ያንን ቃል አንዴ ካወጣው የሚመልሰው የለም። በዚያ ጉልበቱ እስር ቤት ወለል ላይ ሲተኛ ታያት፤ ሰልማ ምሳ ዕቃ ይዛ ስትመላለስ፣ አራቱ ልጆች በራፍ ላይ ተኮልኩለው።

«የእኔ ነው» አለች፣ ቀድማው።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የራሴ እጅ ነው፣ አባቴ። ረስቼው ነው።»

ኃላፊው ሁለቱንም ተራ በተራ አዩዋቸው። ያመኗት አይመስሉም ነበር፤ ግን መነጽራቸውን አድርገው ፋይሉን ዘጉት። ፈይሩዝ አንገቷን ደፍታ የማታስፈልግ ወረቀት ማስተካከል ያዘች።

ውጭ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዘይኑ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዓዲላ ወንድሟ ሲያለቅስ ያየችው እናታቸው የተቀበረች ዕለት ብቻ ነው። «አውፍ በይኝ» አላት። «ብያለሁ» አለችው። አፏ አለ፤ ልቧ ግን ገና አላለም፤ እሱም ይህን ያወቀ ይመስላል፤ ደጋግሞ አልጠየቃትም። «ቤቱ ያንቺ ነው፤ ግቢበት። እኛ ወጥተን እንከራያለን» አለ እንባውን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ። ዓዲላ መራራ ሳቅ ሳቀች። «ስድስት ሆናችሁ? ማን ሊያከራያችሁ አያ? ልጅ ያለው አናስገባም ነው የሚሉት። እኔ ብቻዬን ሆኜ ሰባት በር ተዘግቶብኛል።» ከዚያ በኋላ አብረን እንኑር የሚለውን ነገር ሁለቱም አላነሱትም። ለስድስት ሰው የማይበቃ ሁለት ክፍል ቤት ለሰባት እንደማይበቃ፣ ስፌቷንም የምታኖርበት ጥግ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ባጃጅ ጠርታ አሳፈረችው፤ እሷ በእግሯ ሄደች።

ስብሰባው የተጠራው በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ዓዲላ ስትገባ ሁሉም ተሰብስበዋል፤ ሴቶቹ እንደ ሠርግ ለብሰው መጥተዋል። መምህር አብዱልጀባር ፊቷን አይቶ ሳይጠይቃት ተረዳ። ለአባላቱ ነገሩን በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገራቸው፤ ምክንያቱን ግን እሷ ስላልነገረችው አልነገራቸውም። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዳንዱ ቤት እያላት ስድስት ዓመት እንዴት ደበቀችን በሚል ዓይን አያት፤ ያ ዓይን ከሁሉም በላይ አቃጠላት፤ ግን አንገቷን አልደፋችም። ሙሚና ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«እሷ ከሌለች እኔም የለሁም! የምትኖርበትን ክፍል አላየሁትም እንዴ? ቤት ያለው ሰው እንደዚያ ይኖራል?»

«ሙሚና፣ ተቀመጪ» አለቻት ዓዲላ። «ልጆችሽን ይዘሽ ነው የለሁም የምትይው? እንዲህ አይባልም።»

በእሷ ቦታ የገባችው ተጠባባቂ ሰዓዲያ ነበረች፤ መናኸሪያው አጠገብ ሳምቡሳ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት። በድንገት ጠርተዋት፣ የዘይት ጠረን ያለው ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ነው የመጣችው። ደስ ብሏታል፤ ደስታዋን የት እንደምትደብቀው ግን ጨንቋት በሩ አጠገብ ቆማለች። ዓዲላ እንድትቀመጥ ወንበሯን ለቀቀችላት። «አላህ ያግራልሽ» አለቻት። ሰዓዲያ እጇን ይዛ ልትስም ጎንበስ ስትል ዓዲላ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች፤ ያንን አልቻለችውም።

ዕጣውን ማን ያውጣ የሚለው ነገር ሲነሳ ጥቂት ክርክር ሆነ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ታዛቢ አባል ያልሆነ፣ በነገሩ የማይጠቀም ሰው ይሁን አለ። ሰው ለመጥራት ወደ ውጭ ሊላክ ሲል ዓዲላ ከጥግ፣ «እኔ ላውጣው» አለች። «አሁን አባል አይደለሁም።» ታዛቢው ተስማማ። መምህር አብዱልጀባር ጎድጓዳውን ሳህን ራሱ ይዞላት ቆመ። እሷ «ቢስሚላህ» ብላ እየጀመረች ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ ስሙን ከዝርዝሩ፣ ቁጥሩን ከወረቀቱ ታነባለች፣ ለባለቤቱ ትሰጣለች። የሁሉንም ስም ታውቃለች፤ የሁሉንም የትከሻና የወገብ ልክ ሳይቀር ታውቃለች፤ ሁሉንም ሰፍታላቸዋለች። ስምንተኛው ስም ሲነበብ ባለ ባጃጁ ሱጁድ ወረደ። ሙሚና አሥራ አንድ ቁጥር ደረሳት። ሰዓዲያ አሥራ ሁለት። የዓዲላ ድምፅ የተሰነጠቀው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ወዲያው አስተካክላ የሚቀጥለውን አነበበች። ሃያውም ሲያልቅ ሳህኑን ገልብጣ ምንም አለመቅረቱን አሳየች፤ ዱዓ ተደረገ።

ከአስር ሶላት በኋላ ሁሉም ቦታውን ለማየት ሄዱ። ዓዲላ ልትቀር ነበር፤ ሙሚና ክንዷን ይዛ አልለቅም አለቻት። ቦታው ከከተማው ጫፍ ነው፤ ከታች የጨፋ ሸለቆ ተዘርግቶ፣ የቦርከና ወንዝ እዚህም እዚያም እያብረቀረቀ፣ ከብቶች በቡድን ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ ይታያል። መሬቱ በችካልና በሲባጎ ተከፋፍሏል፤ በየችካሉ ላይ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሰዎቹ እንደ ልጅ እየሮጡ ቁጥራቸውን ፈለጉ፤ አገኙ፤ ሲባጎውን ተሻግረው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ቦታ መሃል ቆሞ ከጎረቤቱ ጋር በጩኸት ያወራ ጀመር። «ጎረቤት! አካም ኦልቴ? እንዴት ዋልክ?» «ነጋ! ቡና አታጠጣኝም እንዴ?» ይባባላሉ፣ ይስቃሉ። ሰዓዲያ አሥራ ሁለት ቁጥር ውስጥ ዳር ላይ ቆማ፣ መሃሉን ልትረግጠው የፈራች ትመስላለች። ዓዲላ ብቻ የምትቆምበት አጥታ፣ ወደፊት መንገድ በሚሆነው አቧራማ መሬት ላይ ቀረች። እግሯን ወዴት እንደምታደርገው ግራ ገባት። ከሃያዎቹ ሲባጎዎች አንዱም የእሷ አይደለም፤ በመዝገቡ ላይ ግን ከእነሱ ሁሉ ቤት ያላት እሷ ናት።

«ነይ ግቢ!» አለች ሙሚና።

ዓዲላ ሲባጎውን ቀሚሷን ሰብስባ ተሻገረች። ሙሚና ወዲያና ወዲህ እየተራመደች ማሳየት ያዘች፤ እዚህ ሳሎን፣ እዚያ ማድቤት፣ እዚህ የልጆቹ ክፍል። ወደ አሥራ ሁለት ቁጥር በሚያዋስናት ሲባጎ አጠገብ ስትደርስ ክንዷን ዘርግታ፣ «እዚህ ደግሞ ግድግዳው...» አለችና ቀረች። ክንዷ አየር ላይ እንደተዘረጋ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰዓዲያ ከማዶ ሰምታ ፊቷን ወደ ሸለቆው አዞረች።

«ግድግዳውን ከእሷ ጋር በጋራ ሥሩት፤ ብሎኬት ትቆጥባላችሁ» አለች ዓዲላ። ድምፅዋ እንደ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ልክ እየወሰደች የምትናገር። ከዚያ ጎንበስ ብላ የላላውን ሲባጎ ከችካሉ ላይ ሳብ አድርጋ አጠበቀችው። «መኝታ ቤትሽስ? መኝታ ቤቱን አላሳየሽኝም እኮ። ወዴት በኩል ነው?»